የሞተር ብስክሌት ማርሽ መቼ ይለወጣል?

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በገጠር ሞተር ብስክሌት የያዘ ሰው የብዙ ሰው እግር ነው። የልማት ሠራተኛው ከመንደር ወደ መንደር የሚደርሰው በእርሱ ነው። የዶሮ ፈንግል ክትባት በበረዶ ሣጥን ተጭኖ የሚሄደው በእርሱ ነው። ገበሬውም ምርጥ ዘሩን ከማኅበሩ መጋዘን የሚያመጣው፣ እንቁላሉንና ቅቤውን ለገበያ የሚያደርሰው በእርሱ ሆኗል። ስለዚህ ይህን መሣሪያ በሚገባ መያዝ የእርሻ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ መንዳት ሲማሩ ብዙዎች የሚማሩት ሚዛን መጠበቅን፣ ነዳጅ መስጠትንና ፍሬን መያዝን ብቻ ነው። የማርሽ ነገር በግምት ይተዋል። ከዚህም የተነሣ ፍሪሲዮን ያለ ጊዜው ይቃጠላል፣ ቤንዚን በከንቱ ይባክናል፣ በቁልቁለት ላይም የሰው ሕይወት ይጠፋል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቈየት አለበት። ሞተሩ ዳገት ላይ ተበላሽቶ ሲቆም በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል፤ ክትባቱ ኀይሉን ያጣል፤ በማግስቱ ዶሮዎቿን ይዛ የምትጠብቀው ሴትም ያለ ክትባት ትቀራለች። ማርሽን በትክክል መለወጥ እስከዚህ ድረስ የሚደርስ ጉዳይ ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ አንባቢው የፍጥነት መለኪያ ሳያይ በጆሮውና በሰውነቱ ብቻ ማርሽ የሚለወጥበትን ጊዜ ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

1. ማርሽ ምን ይሠራል?

ይህን ለመረዳት በቅሎን ማሰብ ይጠቅማል። በቅሎ በሜዳ ስትሄድ እርምጃዋን ታስረዝማለች። ዳገት ሲገጥማት ግን እርምጃዋን አሳጥራ አጥብቃ ትረግጣለች። ጕልበቷ ያው ነው፤ የተለወጠው የእርምጃዋ ርዝመት ነው።

ማርሽም እንዲሁ ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች፣ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 30 ጊዜ ያህል ሲዞር የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። በመጨረሻው ማርሽ ግን ሞተሩ 10 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ አንደኛ ማርሽ እንደ አጭር እርምጃ ነው፤ ኀይል ይሰጣል፣ ፍጥነት ግን የለውም። የመጨረሻው ማርሽ እንደ ረጅም እርምጃ ነው፤ ፍጥነት ይሰጣል፣ ኀይል ግን የለውም። ሁለቱን በአንድነት የሚሰጥ ማርሽ የለም። የነጂው ሥራ መንገዱ የሚጠይቀውን እያየ አንዱን መርጦ መያዝ ነው።

በአገራችን ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ይኸውም የቦታው ከፍታ ነው። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጕልበት ይቀንሳል፤ ቅነሳውም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሠራ ሞተር ከጕልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዳማ አካባቢ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣ ዳገት፣ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነችው በደብረ ብርሃን አካባቢ ሁለተኛ ማርሽ ሊጠይቅ ይችላል። ከቈላ ወደ ደጋ የተዛወረ ሠራተኛ ሞተሩ የታመመ ከመሰለው፣ ወደ መካኒክ ከመውሰዱ በፊት ይህን ያስታውስ።

2. የሚያገለግሉት ክፍሎች

ሀ. በግራ እጅ የሚያዘው የፍሪሲዮን እጀታ ነው። ሲጨበጥ ሞተሩን ከጎማው ይለያል፤ ሲለቀቅ ያገናኛል።

ለ. በግራ እግር የሚነካው የማርሽ ፔዳል ነው።

ሐ. በቀኝ እጅ የሚጠመዘዘው የነዳጅ መስጫ ነው። ከፊቱ ያለው እጀታ የፊት ጎማ ፍሬን ነው።

መ. በቀኝ እግር የሚረገጠው የኋላ ጎማ ፍሬን ነው።

በብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች አንደኛ ማርሽ የሚገባው ፔዳሉን አንድ ጊዜ ወደ ታች በመጫን ነው፤ ሁለተኛውና ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ላይ በማንሣት ይገባሉ። ዜሮ ማርሽ፣ ነጂዎች ፎሌ የሚሉት፣ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ይገኛል። ሆኖም ሁሉም ማርሾች በአንድ አቅጣጫ የሚገቡባቸው ሞተር ብስክሌቶችም አሉ። አዲስ ወይም የተዋሱትን ሞተር ብስክሌት ከመንዳትዎ በፊት፣ ሞተሩን አጥፍተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፉ የማርሹን አቀማመጥ ይፈትሹ።

3. ወደ ከፍተኛ ማርሽ የሚለወጥበት ጊዜ

ሞተሩ ማርሽ እንዲጨመርለት ሲፈልግ ራሱ ይናገራል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ድምፁ ከወፍራምነት ወደ ቀጭንነት ይለወጥና መጮህ ይጀምራል።

ለ. ነዳጅ ቢጨምሩለት ጩኸቱ ይበዛል እንጂ ፍጥነቱ እምብዛም አይጨምርም።

ሐ. በመሪውና በእግር ማሳረፊያው ላይ የሚነዝር ደቃቅ ንዝረት ይሰማል።

መ. ነዳጁን ጥቂት ሲቀንሱለት፣ ከኋላ በገመድ እንደ ተያዘ ያህል ወዲያው ወደ ኋላ ይጐትታል።

ለጀማሪ መነሻ እንዲሆን፣ በደልዳላ መንገድ ላይ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ለሆኑ ሞተር ብስክሌቶች የሚከተለውን መጠን መያዝ ይቻላል፦

ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፦ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርሱ።
ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ፦ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርሱ።
ከሦስተኛ ወደ አራተኛ፦ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ።
ከአራተኛ ወደ አምስተኛ፦ ከ50 እስከ 55 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ።

የሞተር ብስክሌቱ መምሪያ መጽሐፍ ሌላ ቍጥር ከሰጠ የመጽሐፉን ይከተሉ። ይህ መጠን ጆሮን ለማስለመድ ብቻ የተሰጠ መሆኑም ይታወቅ። ጭነት ሲኖር ወይም መንገዱ ወደ ላይ ሲያዘነብል ቍጥሩ ይለወጣል፤ የሞተሩ ድምፅ ግን አያታልልም።

አለዋወጡ እንደሚከተለው ነው፦

1) ነዳጁን ይቀንሱ፤ ወዲያውም ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይጨብጡ።
2) ፔዳሉን በእግርዎ ጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስኪቆም ድረስ ያንሡት። በዝግታና በፍርሃት የተነሣ ፔዳል በሁለት ማርሽ መካከል ይቀራል።
3) ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ ሲለቁ ነዳጁን በዚያው መጠን ይጨምሩ።
4) እግርዎን ከፔዳሉ ላይ ያንሡ፤ እጅዎንም ከፍሪሲዮኑ እጀታ ላይ ያውርዱ።

በደንብ የተለወጠ ማርሽ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው አይነቀንቅም። የሰውዬው ራስ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከተወረወረ፣ ነዳጁና ፍሪሲዮኑ አልተስማሙም ማለት ነው።

4. ወደ ዝቅተኛ ማርሽ የሚለወጥበት ጊዜ

ገበሬ በሚያርስበት ጊዜ መሬቱ ሲከብድ በሬዎቹ እስኪወድቁ አይጠብቅም። አንገታቸው ሲዘነብልና እርምጃቸው ሲቈራረጥ አይቶ እርፉን ያላላል። ሞተርንም እንዲሁ መጠበቅ ይገባል። ሞተሩ ከበደኝ የሚልባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

ሀ. ድምፁ ይወፍራል፤ ዱግ ዱግ እያለ መቈራረጥ ይጀምራል።

ለ. ነዳጅ ቢጨመርለት አይቀበልም፤ ፍጥነቱም እየቀነሰ ይሄዳል።

ሐ. መላው ሞተር ብስክሌት ይንገጫገጫል፤ ካቴናውም ይንኳኳል።

አንዳንድ ሰዎች ቤንዚን ለመቈጠብ ሲሉ ሞተሩ እየተንገጫገጨ በከፍተኛ ማርሽ መንዳትን ይመርጣሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በዚህ ሁኔታ ነጂው የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ስለሚከፍት ቤንዚኑ አይቈጠብም። ከዚህም በላይ ፒስተኑና ኩሽኔታዎቹ በየምቱ እንደ መዶሻ ይመታሉ፤ ሞተሩም ያለ ልክ ይሞቃል። የተቈጠበ የመሰለው ገንዘብ ለጥገና ከሚከፈለው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ወደ ታች አለዋወጡ እንደሚከተለው ነው፦

1) አስቀድመው ፍጥነትዎን በሁለቱም ፍሬኖች ይቀንሱ። ዳገት ሲወጡ ግን ፍጥነቱ በራሱ ስለሚቀንስ ፍሬን አያስፈልግም።
2) ነዳጁን ይቀንሱ፤ ፍሪሲዮኑን ይጨብጡ።
3) ፔዳሉን አንድ ማርሽ ብቻ ወደ ታች ይጫኑ።
4) ነዳጅ ጥቂት ሰጥተው ፍሪሲዮኑን በዝግታ ይልቀቁ።
5) አሁንም ከከበደው ይህንኑ በተራ ይድገሙት።

በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳሉ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ አንደኛ ዘለው አይግቡ። ሞተሩ ያን ፍጥነት ሊከተል ስለማይችል የኋላውን ጎማ በድንገት ይይዘዋል፤ ጎማውም ይንሸራተትና ነጂው ይወድቃል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ይህ ስሕተት ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

5. እንደ መንገዱ ሁኔታ ማርሽ መምረጥ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ከችግሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚለወጥ ማርሽ ብዙውን ጊዜ አይሳካም። ለዳገት፣ ለጭቃ፣ ለወንዝና ለጠመዝማዛ መንገድ የሚሆነውን ማርሽ መያዝ ከመድረስ በፊት ነው።

ሀ. ዳገት። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ርዝመቱንና ቀጥ ማለቱን ይመልከቱ። መካከለኛ ዳገት ከሆነ ሦስተኛ፣ ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለተኛ ማርሽ ይዘው ይግቡ። በመካከል ላይ ሞተሩ ከከበደው፣ ገና ጕልበት ሳለው ፈጥነው አንድ ማርሽ ያውርዱ። ዘግይተው ከለወጡ፣ ፍሪሲዮኑን በጨበጡበት ቅጽበት ሞተር ብስክሌቱ ይቆማል፤ ከዚያም ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል።

ዳገት ላይ ቆመው የሚነሡ ከሆነ፣ ግራ እግርዎን መሬት ላይ አድርገው በቀኝ እግርዎ የኋላውን ፍሬን ይርገጡ። አንደኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ እየሰጡ ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ይልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲልና ሞተር ብስክሌቱ ወደ ፊት ለመሄድ ሲገፋ ሲሰማዎት፣ ያን ጊዜ ፍሬኑን ይልቀቁ።

ለ. ቁልቁለት። ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። አንዳንድ ነጂዎች ቤንዚን እናተርፋለን በማለት በቁልቁለት ሞተሩን አጥፍተው ወይም በፎሌ ይወርዳሉ። እንዲህ የሚወርድ ሰው ክብደቱን ሁሉ የጣለው በፍሬን ላይ ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዘወትሩበት ይሞቃል፤ በጣም ሲሞቅም የመያዝ ኀይሉን ያጣል። ነጂው ይህን የሚያውቀው ገደሉ ጠርዝ ላይ ካለው ጠመዝማዛ ሲደርስ ነው።

ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እንዲህ ያለውን መንገድ በፍሬን ብቻ መውረድ አይቻልም። የሚያዋጣው ሞተሩ ራሱ ጎማውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ዝቅተኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጁን ሲዘጉ፣ ጎማው ሞተሩን ለማዞር ስለሚገደድ ፍጥነቱ ይገታል።

ደንቡ ቀላል ነው፤ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ። ያን ዳገት በሁለተኛ የሚወጡት ከሆነ በሁለተኛ ይውረዱት። ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያስገቡ። ፍሬኑን ደግሞ እየጨበጡ እየለቀቁ ይጠቀሙበት እንጂ ሳያቋርጡ አይያዙት። ሲወርዱ ፍሪሲዮኑን አይጨብጡ፤ ፍሪሲዮን ተጨብጦ መውረድና በፎሌ መውረድ አንድ ነው።

ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በእነዚህ ሞተሮች ዘይቱ ወደ ውስጥ የሚገባው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጁ ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ ፒስተኑ ዘይት ያጥረዋል። በረጅም ቁልቁለት ላይ በየጊዜው ፍሪሲዮኑን ለቅጽበት ጨብጠው ጥቂት ነዳጅ ይስጡትና መልሰው ይልቀቁት።

ሐ. ጭቃ። በክረምት በጥቍር አፈር መንገድ ላይ አንደኛ ማርሽ ሁልጊዜ አይጠቅምም። ኀይሉ ስለሚበዛ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፤ ጕድጓድም ይቈፍራል። ሞተሩ እስከ ቻለ ድረስ ሁለተኛ ማርሽ ይዘው፣ ነዳጁን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ በእኩል መጠን እየሰጡ ይለፉ። በጭቃው መካከል ማርሽ አይለውጡ።

መ. ወንዝ። በመጀመሪያ ወርደው በእግርዎ ገብተው ጥልቀቱንና የወለሉን ድንጋይ ይፈትሹ። ውሃው ደፍርሶ የሚፈስ ከሆነ ወይም እየሞላ ከሆነ አይግቡ። መሻገር የሚቻል ከሆነ በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳይዘጉ በዝግታ ይለፉ። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኖቹ እስኪደርቁ ድረስ ቀለል አድርገው እየያዙ ጥቂት ይንዱ።

ሠ. ጠመዝማዛ። ፍሬን የሚያዘውና ማርሽ የሚለወጠው መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ሞተር ብስክሌቱ ወደ ጎን ካጋደለ በኋላ ማርሽ መለወጥ ጎማውን ያንሸራትታል። ጠመዝማዛውን በተመረጠው ማርሽ ጨርሰው ሲቃኑ ነዳጅ ይጨምሩ።

ረ. ጭነት። ሰው ወይም ጆንያ ሲጫን ማርሽ ወደ ላይ የሚለወጠው ዘግይቶ፣ ወደ ታች የሚለወጠው ደግሞ ቀድሞ ነው። ዘር የጫነ ሞተር ብስክሌት ባዶውን በሦስተኛ በሚሄድበት ቦታ ሁለተኛ ቢጠይቅ አይፍረዱበት። የጭነቱንም መጠን በመምሪያው መጽሐፍ ከተፈቀደው አያሳልፉ።

6. ማርሽንና ፍሪሲዮንን የሚያበላሹ ልማዶች

ሀ. እጅን ወይም ጣትን በፍሪሲዮኑ እጀታ ላይ አሳርፎ መንዳት። ፍሪሲዮኑ በከፊል ስለሚላቀቅ ሸርተት እያለ ያልቃል።

ለ. ዳገት ላይ ማርሽ ከመቀነስ ይልቅ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ጨብጦ ሞተሩን ማስጮህ። የመቃጠል ሽታ ከሸተተዎ ወዲያው ቆመው እንዲበርድ ያድርጉ።

ሐ. ፍሪሲዮን ሳይጨብጡ ማርሹን በእግር መምታት። በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ያበላሻል።

መ. የፍሪሲዮኑን ገመድ አለማስተካከል። እጀታው መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጫፉ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ልል መሆን አለበት። ጭራሽ ልልነት ከሌለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ማርሹ እየተንኳኳ ይገባል።

ሠ. የተገኘውን ዘይት ሁሉ መጨመር። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ የሚጠቀሙት በአንድ ዘይት ነው። ለአውቶሞቢል የተዘጋጁ አንዳንድ ዘይቶች ፍሪሲዮኑን ስለሚያንሸራትቱ፣ ለሞተር ብስክሌት የተዘጋጀውን ይግዙ።

7. የሦስት ቀን ልምምድ

ከብትና ሕፃናት የሌሉበት ሰፊ ሜዳ ይምረጡ። ሔልሜትና ጠንካራ ጫማ ያድርጉ። ወደ ሕዝብ መንገድ የሚወጡት መንጃ ፈቃድ ካገኙ በኋላ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በዜሮ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ይለማመዱ። ሃያ ጊዜ ተነሥተው ሃያ ጊዜ ይቁሙ። ከመቆምዎ በፊት ሁልጊዜ ወደ አንደኛ ይመለሱ።

በሁለተኛው ቀን እስከ አራተኛ ድረስ እየወጡና እየወረዱ ይለማመዱ። የፍጥነት መለኪያውን በወረቀት ይሸፍኑትና ድምፁን ብቻ ሰምተው ይለውጡ።

በሦስተኛው ቀን አጭር ዳገት ፈልገው በመካከሉ ላይ ቆሞ መነሣትን፣ ከዚያም በወጡበት ማርሽ መውረድን ይለማመዱ።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት ለገበሬዎች ሲያስተምሩ ከንግግር ይልቅ በማሳየት ይጀምሩ። ሞተር ብስክሌቱን በአንድ ሰው አስነድተው፣ ተማሪዎቹ ከመንገድ ዳር ቆመው ማርሽ መለወጥ ያለበትን ጊዜ እጃቸውን በማንሣት ያመልክቱ። የበሬን ድካም ከሩቅ የሚለይ ገበሬ የሞተርን ድካም ለመለየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1) በአንደኛ ማርሽ ኀይል የሚበዛውና ፍጥነት የሚያንሰው ለምንድር ነው?
2) አንድ ሞተር ብስክሌት በቈላ የወጣውን የመሰለ ዳገት በደጋ ሲከብደው ምክንያቱ ምንድር ነው?
3) ሞተር ማርሽ እንዲጨመርለት የሚጠይቅባቸውን አራት ምልክቶች ይዘርዝሩ።
4) ሞተር የከበደው መሆኑ በምን ይታወቃል?
5) በቁልቁለት በፎሌ መውረድ ለምን አደገኛ ይሆናል? ትክክለኛው ማርሽስ በምን ይመረጣል?
6) ከመንደርዎ እስከ ገበያው ያለውን መንገድ በሐሳብዎ ይሂዱበት። በየትኛው ቦታ፣ በየትኛው ማርሽ መሄድ ይገባል? መልሱን ጽፈው ይያዙና በሚቀጥለው ጉዞዎ በሞተሩ ድምፅ ይመርምሩት።